ኩዳ፣ ኦፕንሲኤል ወይስ ኦፕንኤምፒ? ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ያሉ ተማሪዎች ፓራለል ፕሮግራሚንግ (ሥራን ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ማሠራት) ሊጀምሩ ሲሉ «የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለበትን ልግዛ ወይስ ረከስ ያለውን?» ይሉኛል። እኔ ከብሩ በፊት የማየው ሌላ ነው። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው) መነሻ ቁጥር ያልተሰጠውን ቫሪያብል ምን ያደርገዋል?

ደቦ አስቡ። ገብስ ሲሰፈር በየቁናው አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ይጣላል። የትናንት ጠጠር ከቀረበት ቆጠራው ገደል ገባ። ሁሉም በየፊናው «እኔ ላራግፈው» ካለም አንዱ የሌላውን ጠጠር ይደፋል። የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ ፕሮሰሰር) ሼርድ ሜሞሪ፣ ማለትም ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ ክሮች) በጋራ የሚጽፉበት ቦታ፣ ያ ቅል ነው።

ኩዳ (የኤንቪዲያ የራሱ የጂፒዩ ፕሮግራሚንግ መሣሪያ) ላይ ሼርድ ቫሪያብል ዲክሌር ስታደርጉ እዚያው «እኩል ዜሮ» ብትሉ ኮምፓይለሩ ኤንቪሲሲ አይቀበልም፣ ኤረር ይሰጣል። አንድ ትሬድ ዜሮ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ሲንክትሬድስ የሚባለው መጠበቂያ ላይ ይጠብቁታል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ዜሮውን ጭራሽ ከረሳችሁት ግን ዝም ይላችኋል። እኔ በ256 ትሬድ ድምር ስሠራ ረስቼው ሳምንት ሙሉ ትክክለኛ መልስ ሰጠኝ። ቦታው በአጋጣሚ ዜሮ ነበር። ሌላ ካርድ ላይ ሳስኬደው ጉዱ ወጣ። ዲቫይስ ቫሪያብል (በካርዱ ዋና ሜሞሪ ላይ የሚቀመጠው) ሌላ ነው፤ ቋሚ ቁጥር ይቀበላል፣ ካልሰጣችሁትም ከዜሮ ይነሳል።

ኦፕንሲኤል የኩዳ አቻ ነው፤ ሼርዱን ሎካል ይለዋል፤ እሱም መነሻ ቁጥር አይቀበልም። ችግሩ ከርነሉ (ጂፒዩው ላይ የሚሄደው ኮድ) ብዙ ጊዜ ኮምፓይል የሚደረገው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ፣ በድራይቨሩ ነው። ኮምፓይሉ ሲከሽፍ ቢልድ ሎጉን (የስህተቱን ዝርዝር) ካላወጣችሁት የምታዩት -11 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። የታኅሣሥን ብርድ የለካ ይመስላል። ጋቢ ተከናንቤ እኩለ ሌሊት ላይ ስንቴ እንዳፈጠጥኩበት! ጥቅሙ ኤኤምዲም ኢንቴልም ኤንቪዲያም ላይ መሄዱ ነው።

ኦፕንኤምፒ በዋናው ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) ላይ ስለሚሠራ ካርድ አይጠይቅም፤ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ይበቃል። ፕራይቬት (ለየትሬዱ የግል) ያላችሁት ቫሪያብል ከዜሮ ሳይሆን ሜሞሪው ላይ ያገኘውን ዝባዝንኬ ይዞ ይጀምራል። ፈርስትፕራይቬት ከውጪ ያለውን ቁጥር ይቀዳል። ሪዳክሽን (የየትሬዱን ውጤት ወደ አንድ የሚያጠቃልለው) ደግሞ ለድምር 0፣ ለብዜት 1 ራሱ ይሞላል።

እንግዲህ ጀማሪ ከሆናችሁ ብራችሁን ያዙ፤ ባላችሁ ላፕቶፕ ኦፕንኤምፒ ጀምሩ። ኤኤምዲ ያለው እጃችሁ ላይ ካለ አትሽጡት፣ ኦፕንሲኤል ይሠራል። ለጂፒዩ ብላችሁ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን እኔ ኤንቪዲያ እላለሁ። ኤንቪሲሲ የሚያውቀው ስህተት ፕሮግራሙ ሳይነሳ ቀድሞ ይታያል፣ መጠበቂያውን ብትረሱም ሬስቼክ የሚባለው መሣሪያው ይይዛችኋል። ያገለገለ ስትገዙ ስቲከሩን አትመኑ። ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ተርሚናል ላይ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና የካርዱን ስም በዓይናችሁ እዩ።