ዘፈኑ ሳያልቅ ሒሳብ የማይቀበሉት ጋሼ

ስሙን ልነግራችሁ ነበር፣ ግን ስም የለውም። በሩ ላይ «ካፌ» ተብሎ ተጽፏል፣ «ፌ»ዋም ቀለሟ ለቆ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ቤት» ነው የሚለው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወደ ጣፎ በኩል ስትሄዱ ኮብልስቶኑ ያልቅና አፈሩ ይጀምራል። እዚያ ብሎኬት የሚመረትበት ግቢ አለ፣ ከሱ ጀርባ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ቦቲ አድርጋችሁ ኑ። ቀልዴን አይደለም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ከትምህርት ቤት የቀራቸው ጥቁር ሰሌዳው ነው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ሰቅለውታል። የቡና ዋጋ አይጻፍበትም። የሚጻፈው የዕለቱ አልበም ነው፤ ማን ዘፈነው፣ ፒያኖውን ማን ተጫወተው፣ መቼ ወጣ። በጠመኔ፣ በዚያ በሚያምረው የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ። ሲዲዎቹን ልጃቸው ከውጭ ትልክላቸዋለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ጃዝ ነው፣ እሱም በአብዛኛው ድምፅና ፒያኖ። ጡሩምባ የበዛበትን «እሱን ለሠርግ አቆዩት» ይላሉ።

ደንቡ አንድ ነው። አልበሙ ከተከፈተ እስከ መጨረሻው ይሰማል። አይዘለልም፣ አይደገምም፣ «ጋሼ እስቲ ያችን ያለፈችውን» አይባልም። ዘፈን እየሄደ ደግሞ ሒሳብ አይቀበሉም። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን «ሒሳብ!» ስትሏቸው ጣታቸውን ወደ ስፒከሩ ይቀስራሉ። እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፣ አንድ ዘፈን ቢበዛ አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። ጉዱ የፈላው የአሜሪካዊው ፒያኒስት የኪት ጃሬት የኮሎኝ ኮንሰርት የተከፈተ ቀን ነው። (ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ሲዲው ላይ እንዳለው በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ጃሬት ጥር 24 ቀን 1975 ጀርመን አገር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ያለ ኖታ፣ ብቻውን፣ እዚያው እየፈጠረ የተጫወተው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ብቻ 26 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰውዬ ባጃጅ ውጭ አቁሞ፣ ማኪያቶውን ጨርሶ፣ መቶ ብሩን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። አምስት ደቂቃ ቆመ። ተቀመጠ። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል። ይሄኔ ፒያኒስቱ ማቃሰት ጀመረ። ጃሬት ሲጫወት አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፣ ያቃስታል፣ ያንጎራጉራል፣ በእግሩ ይመታል፣ ቅጂው ላይ ሁሉም ይሰማል። ሰውዬው አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው አሞት ነው እንዴ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አልሳቁም። ዝቅ ባለ ድምፅ «የታመመውስ ፒያኖው ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ጃሬት የጠየቀው ትልቅ ፒያኖ ቀርቶ ትንሽ የልምምድ ፒያኖ ነበር የቀረበለት፤ ከላይ ድምፁ የቀጠነ፣ ከታች የደከመ፣ ፔዳሉም በቅጡ የማይሠራ። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መሀሉ ላይ ይመላለሳል፣ ግራ እጁ አንዱን ነገር እየደጋገመ ይሄዳል። ያን ካወቃችሁ በኋላ ስትሰሙት ሌላ ነው። ሰውዬው ተመስጦ ባጃጁን አሰናበተ፣ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አላደረገውም። 26ቱ ደቂቃ ሳይሞላ መቶ ብሩን ከብርጭቆው ሥር አስቀምጦ፣ መልሱን ትቶ ወጣ።

ስለ መልስ ካነሳን፣ ማኪያቶ 70 ብር ነው። ደህና ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፤ ወተቱ አንዳንዴ ይቃጠላል። ጥቁር ቡናው ግን ጥሩ ነው፣ እሱን ጠጡ። ፓስቲው ጠዋት ላይ ይበላል፣ ከሰዓት ጎማ ነው። ወንበሮቹ የእንጨት ናቸው፣ ለአንድ ሙሉ አልበም መቀመጫ ይዛችሁ ብትመጡ አይከፋም። ሽንት ቤቱ ግቢውን ተሻግሮ ነው፣ ቁልፉን ከአስተናጋጇ ትጠይቃላችሁ። እሷ ብቻዋን ናት፣ እሁድ ቤቱ ሲሞላ ታሳዝናለች። ይሄን ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። «ሰው ልጨምር ነው» ካሉ አራት ወር አለፈ።

ድምፁስ? ሁለት አሮጌ ትልልቅ ስፒከሮች አሉ፣ የቢራ ሳጥን ላይ የተቀመጡ። ግራው እንከን የለውም። ቀኙ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ይርገበገባል። ጋሼ የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ አድርገውለታል፣ ትንሽ ረድቶታል። ፒያኒስቱ ወደ ታችኞቹ ኖታዎች ሲወርድ ማንኪያዬ ሰሃኗ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ እጄን ጫን አደርግባታለሁ። ቤዝና ድራም ያለበት ነገር ሲከፈት ሁሉም ይቀላቀላል፣ ምኑም አይለይም። ሰውና ፒያኖ ብቻ ሲሆን ግን ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ሳይቀር ትሰማላችሁ። ጋሼ አውቀው ይሁን ሳያውቁት፣ ምርጫቸው ከስፒከሩ አቅም ጋር ገጥሟል።

ይሄን የተረዳሁት በሴሲል ማክሎሪን ሳልቫንት ነው። አባቷ የሄይቲ፣ እናቷ ፈረንሳዊት፣ ማያሚ የተወለደች ዘፋኝ ናት። «ዘ ዊንዶው» የሚለው የ2018 አልበሟ ከሞላ ጎደል እሷና ፒያኒስቱ ሱሊቫን ፎርትነር ብቻ ናቸው። ግራሚም ወስዶላታል፣ ያኔ ሦስተኛዋ ነበር። ቤት ሆኜ በስልኬ ስሰማው ሰልችቶኝ ነው የተውኩት። እዚህ ስሰማው ግን ደነገጥኩ። እኛ ፒያኖ አጃቢ ነው ብለን ነው የለመድነው፤ ዘፋኙ ያወጣል፣ ፒያኖው ይቀበላል። እነዚህ ሁለቱ ግን በላ ልበልሃ ነው የያዙት። እሷ ቃሉን ጎትታ ልትጨርስ ስትል እሱ ይቀድማታል። እሱ መንገድ ሲስት፣ ሆን ብሎ ነው የሚስተው፣ እሷ ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ ከየት መጣች ሳትሉ ከታች በወፍራሙ ድምፅ ትገባለች። አንዳንዱ ቅጂ ኒው ዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል የጃዝ ቤት ውስጥ ሰው ፊት የተቀዳ ነው፣ የሰው ሳቅም አለበት። ለምን እንደሚስቁ ገባኝ። እኔም ስቄያለሁ።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለም። ስልክ ላይ ክፈቱልን ያሉ ነበሩ፣ ጋሼ እምቢ አሉ። አርባ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቡና ጠጣን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን፣ ገሚሱ ወጣ። መብራቱ ሲመጣ አራት ሰው ነበርን። ከተቋረጠበት ይቀጥላሉ ብዬ ስጠብቅ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩት። «አይደገምም አላሉም ነበር?» አልኳቸው። «ያላለቀ ነገር አይደገምም፣ ይጀመራል እንጂ» አሉኝ። ከሒሳብ አስተማሪ ጋር አትከራከሩ።

ተከራክሬ ግን አውቃለሁ፣ በኖራ ጆንስ። «ካም አዌይ ዊዝ ሚ» በ2002 የወጣ፣ በዓመቱ ግራሚውን ጠራርጎ የወሰደ፣ በዓለም ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ አልበም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እሱን ያልከፈተ ካፌ ያለ አይመስለኝም። ሰሌዳው ላይ ሳየው «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ጃዝ ነው?» አልኩ። «ልጄ፣ ብዙ ሰው የገባው በሷ በር ነው፤ በር ደግሞ ሳሎን መሆን የለበትም» አሉኝ። እሺ። ሙሉውን ሰማሁት። ፒያኖዋ ቁጥብ ነው፣ ድምፅዋን አይረግጥም፣ ያ ጥሩ ነው። ግን አንዱ ከሌላው ሳይለይ ስምንተኛው ላይ አዛጋሁ። ራሷ እየተጫወተች የምትዘፍን ካስፈለገ ዳያና ክራል ትሻለኛለች። በ2001 ፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ የቀዳችው የመድረክ አልበም አለ። መዝፈኗን ስታቆም ጣቷ ወሬውን ይቀጥላል፣ ሁለት ሰው አይመስሏችሁም። ጋሼ በዚህ ተስማሙ። ኖራን ግን አሁንም በወር አንዴ ይከፍቷታል።

የኛዎቹ ተራ ሲደርስ ቤቱ ይሞላል። የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» የተከፈተ ቀን አጠገቤ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ጋሼ እንደ ክፍል ውስጥ ቆመው አስረዱ፤ ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች እንደነበረ፣ በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄዶ እሱ እዚያው እንደቀረ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ እያስቀመጠ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ይለማመድ እንደነበር። ሹፌሩ ፈዞ ቀረ። «እኔ እኮ ሰልፍ ላይ ስቆም እንቅልፌን ነው የምተኛው» አለ። አልበሙ በ2018 ነው የወጣው፣ ከቤዝና ከድራም ጋር ነው፣ ስለዚህ ያ ቀኝ ስፒከር አሠቃየን። መጨረሻ ላይ ግን «የፍቅር እንጉርጉሮ» አለ። ፒያኖ ብቻ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሹፌሩ ይደገም ብሎ ለመነ፣ ደንብ ነው ተባለ። በሚቀጥለው እሁድ መጥቶ ሰሌዳውን አየ፣ ሌላ ስም ነው፣ ተመልሶ ወጣ።

ጋሽ ግርማ በየነ ደግሞ አለ። በዘመኑ ለሌሎች ሲያቀናብርና ፒያኖ ሲጫወት ኖሮ፣ በራሱ ድምፅ የቀዳው በጣት የሚቆጠር ነው። በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ» የሚል አልበም አወጣ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት ማለት ነው። ድምፁ ሸምግሏል፣ አይደብቀውም። ከፍ ማለት ሲያቅተው ቃሉን እንደ ወሬ ይናገረዋል። እኔ ይሄን ከወጣትነቱ ቅጂ አስበልጣለሁ፣ ጋሼ በዚህ አኩርፈውኛል። የሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ»፣ የ2012ቱ፣ ግማሽ ግማሽ ነው። ብቻውን ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ እጅ ያስነክሳል፤ እንግዳ ዘፋኞች ሲበዙ ይበተንብኛል።

መሀል ከተማ ያላችሁ «ላይቭ እያለ ሲዲ ለመስማት የካ አባዶ?» ትሉ ይሆናል። ላይቩን እወዳለሁ። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ ሳይቃጠል፣ በኛ 2007 መሆኑ ነው፣ ደሞዜ እንደወጣ እሄድ ነበር። ችግሩ የመልሱ መንገድ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ወደኛ ታክሲ የለም፣ የስልኩ ታክሲ ደግሞ ከመግቢያው በላይ ያስከፍላል።

ባለፈው እሁድ ሰሌዳው ላይ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ስም ነበር። ከሥሩ በትንሹ «ይህ ጃዝ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። እማሆይን በፒያኖ ብቻ ነው የማውቃቸው፣ በ2006 «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ ቁጥር 21 ሆኖ በወጣው። ይሄኛው «ሱቬኒርስ» ነው፤ እሳቸው መጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2024 የወጣ። እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜማሉ። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ በቴፕ የቀዱት ነው። ጣታቸው ቁልፉን ሲመታ ኳ የሚለው ይሰማል፣ የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ትዝታን በፒያኖ መጫወት ከባድ ነው፣ ሰው ድምፁን ጎትቶ ከአንዱ ወደ አንዱ ያንሸራትታል፣ ፒያኖ አይችልም፣ ቁልፉ ወይ ይህ ነው ወይ ያ። እማሆይ ታዲያ ጎረቤቱን ቁልፍ ነካ አድርገው ያልፋሉ፣ ጆሮ የተንሸራተተ ይመስለዋል። እዚህ ደግሞ ያንኑ ዜማ ጉሮሯቸው እያንሸራተተው፣ ጣታቸው ከኋላ ነካ ነካ እያደረገ ይከተላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅጂው ውስጥ ወፎች አሉ፣ ከመስኮቱ ውጭ። የጋሼም መስኮት ክፍት ነበር፣ ከጀርባ ባሕር ዛፍ አለ። አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ቆማ አንዴ መስኮቱን አንዴ ስፒከሩን አየች። እኔም አልለየሁትም።

ይሄ የሚሆነው ግን እሁድ ብቻ ነው፣ በሌላው ቀን ብሎኬት ማሽኑ ይሠራል። ከመገናኛ የጣፎ ታክሲ ያዙ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ባጃጅ አለ። ከስምንት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። በግራ ስፒከር በኩል ግድግዳው ሥር ያለችው ወንበር የኔ ናት።