ከ9,412 እስከ 15,900 ማይል፦ የ2004 ኮርቬት ዜድ06 ከ14 ወራት በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ወር የገዛኋት ኮርቬት ዜድ06 (የሼቭሮሌት የስፖርት መኪና ናት) ያኔ 20 ዓመት ሆኗት ነበር፤ የርቀት ቆጣሪዋ ግን 9,412 ማይል ብቻ ያሳይ ነበር። በኪሎ ሜትር ከ15 ሺህ ጥቂት ከፍ ይላል። የሽያጭ ማስታወቂያው «በጥሩ ሁኔታ የተያዘች፣ ብዙ ያልተነዳች» ይል ነበር። ሻጩ አልዋሹም፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። እኔ ያላወቅሁት ብዙ አለመነዳት ራሱ መኪናን የሚበላ መሆኑን ነው። በ14 ወራት ውስጥ 6,500 ማይል ያህል ነድቻታለሁ። የተጠገነውንና የወጣውን ገንዘብ ሁሉ በደብተር ስለያዝኩ፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይታችሁ ልባችሁ ለተነሣ ሰዎች ላካፍላችሁ።

ሻጩ ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬደሪክ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። መኪናዋን አዲስ ገዝተው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ እርጥበት በማይገባበት ጋራዥ አኑረዋታል። የፋብሪካው የዋጋ ወረቀት፣ ሁለቱም ቁልፎች፣ መመሪያ መጽሐፉ እና የእያንዳንዱ ዘይት ቅያሪ ደረሰኝ በአንድ ማኅደር ተሰድረው ጠበቁኝ። ከአፍንጫዋ በታች ካሉ ጥቂት የጠጠር ምልክቶች በቀር ቀለሟ ላይ እንከን አላገኘሁም። የመቀመጫው ቆዳ አንድም ስንጥቅ የለውም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሞተሩን አስነሥተው ለ10 ደቂቃ እንደሚያሠሩት በኩራት ነገሩኝ፤ እኔም ሰምቼ ደስ አለኝ።

ዛሬ ቢሆን ያ ንግግር ያሳስበኝ ነበር። ሞተር ቆሞ 10 ደቂቃ ቢሠራ ዘይቱ በቂ ሙቀት አያገኝም። ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ ሳይተን ከዘይቱ ጋር ይቀራል፤ የጭስ ማውጫው ውስጥም ይተኛል። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ ደግሞ ጨርሶ አልተንቀሳቀሱም። በፍቅር የተደረገ ነገር ነው፤ ለመኪናዋ ግን 20 ደቂቃ በአውራ ጎዳና ላይ መንዳት ይሻላት ነበር።

ስለ መኪናዋ ምንነት ባጭሩ። ዜድ06 የሚለው ስም መጀመሪያ የመጣው በ1963 ሲሆን፣ ኮርቬትን ለውድድር ለሚገዙ ደንበኞች የቀረበ የልዩ ዕቃዎች ጥቅል መጠሪያ ነበር። ከዚያ ሥራ ጀርባ የነበሩት መሐንዲስ ዞራ አርከስ ዱንቶቭ ናቸው። ስሙ በ2001 በአምስተኛው ትውልድ ኮርቬት ላይ ተመለሰ። ከ2002 እስከ 2004 የተሠሩት ባለ 5.7 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር 405 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ክብደታቸው ግን 1,400 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በ2004 የተሠሩት 5,683 ናቸው። ሁሉም ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ናቸው፤ አውቶማቲክ አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ክብደት የተቀነሰበት መንገድ ነው። የኋላ ማርሚታዎቹ ቲታኒየም ስለሆኑ ብቻ 8 ኪሎ ያህል ቀንሷል። ወለሉ በሁለት ስስ የፋይበር ንጣፎች መካከል የባልሳ እንጨት የተቀበረበት ነው፤ እንጨቱ ቀላልና ግትር ከመሆኑም በላይ ንዝረትን ያፍናል። ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ ኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር የታሠረው ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እኩል እንዲካፈል ነው። ሞላ የላትም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ በአግድም የተዘረጋ ባሌስትራ አላት። እኛ አገር ባሌስትራ ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው የጭነት መኪና ነው፤ የዚህችኛዋ ግን ከብረት ሳይሆን ከፋይበር የተሠራ፣ አንድ ሰው በቀላሉ የሚያነሣው ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ አዲስ አበባም እዚህም በመካኒክነት የኖሩ ሰው አሉ። መኪናዋን ይዤላቸው ስሄድ ኮፈኖውን ሳያስከፍቱ ከኋላ ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ ማይሉን ተወውና የጎማውን ልደት አንብብልኝ» አሉኝ። በጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 0804 ይላሉ፤ በ2004 ስምንተኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ እንዳለ ነው። በጥፍሬ ስጫነው ግን እንደ ፕላስቲክ እንቢ አለኝ። ጋሼ በዚያው ቀን እንድቀይር ነገሩኝ። እኔ ጥርሱን እያየሁ አዘንኩለትና ለወር መጨረሻ አስተላለፍኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ከአውራ ጎዳና በሚያወጣው ጥምዝ መንገድ ላይ፣ ያውም በዝግታ እየነዳሁ፣ የኋላ እግሯ ከእኔ ቀድሞ ሊዞር ሞከረ። የመኪናዋ የመረጋጊያ ሥርዓት በራሱ ፍሬን ይዞ መለሳት፤ እኔ የሠራሁት ነገር የለም። ከኋላዬ ሌላ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ እጽፈው ነበር። በማግስቱ አራቱም ተቀየሩ፤ 1,300 ዶላር። የፊቶቹ ባለ 17፣ የኋላዎቹ ባለ 18 ኢንች ስለሆኑ የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም። ትርፍ ጎማም የላትም።

ቀጥሎ የነዳጅ መለኪያው። ፍሮንት ሮያል ከተማ ላይ ነዳጅ ሞልቼ ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ መንገድ ከወጣሁ ከ20 ማይል በኋላ ጠቋሚው ድንገት ወርዶ ባዶ ላይ ተኛ። ደነገጥኩ፤ የሚፈስ ነገር መስሎኝ ቆሜ ከሥር አጎንብሼ አየሁ። ምንም የለም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህች መኪና ከኋላ በግራና በቀኝ በቧንቧ የተገናኙ ሁለት የነዳጅ ታንኮች አሏት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ መጠኑን የሚለካ መሣሪያ አለ። ቤንዚን ውስጥ ያለው ሰልፈር የመሣሪያውን መነካኪያ ሲሸፍነው ንባቡ ይበላሻል፤ አንዱ ሲሳሳት ጠቋሚው ዜሮ ላይ ይወድቃል። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ በሁለት ሙሌት ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ መኪናዋ ብትቆምም ያረጃል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ከማጠራቀሚያው በሲሪንጅ እየመጠጥኩ አዲስ እሞላለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፔዳሉም ወደ ቦታው በደንብ ይመለሳል። የፍሬኑ፣ የካምቢዮው እና የዲፈረንሻሉም ተቀየረ።

ትልቁ ሥራ በሦስተኛው ወር መጣ። ቺንጋውን የሚያዞረው የሞተሩ የፊት ፑሌጃ ሁለት ቀለበቶች በመሐል በጎሚኒ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ጎሚኒው ሲደርቅ የውጪው ቀለበት ይወላገዳል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪ መብራት ስናየው የእኔው ሲንገዳገድ ታየን። ዕቃው ውድ አይደለም፤ ነገር ግን ለማውጣት ከፊት ያለውን፣ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል። ከነጉልበቱ 1,150 ዶላር ወጣ። ባትሪና ጎማ ቧንቧዎች ሲጨመሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወጪ 3,400 ዶላር ደረሰ። ከዚህ ውስጥ በመነዳት ብዛት የመጣ አንድም የለም። ሁሉም ቀን የበላው ጎሚኒና ፈሳሽ ነው።

አንድ ነገር ግን የሻጩን ጥንቃቄ መሰከረ። በእነዚህ ኮርቬቶች ባትሪው በቀኝ በኩል ተቀምጦ ከሥሩ የሞተሩ ኮምፒውተር አለ፤ ባትሪው አሲድ ካፈሰሰ የሚንጠባጠበው እዚያ ላይ ነው። ጋሼ ባትሪውን አንሥተው በመብራት ሲያዩት ሥሩ ንጹሕና ደረቅ ነበር። እናንተ ስትገዙ ይህን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ከ1997 እስከ 2004 በተሠሩት ማንዋል ኮርቬቶች የመሪ መቆለፊያ ላይ አምራቹ መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ጥገና ማድረጉንም አስታውሱ፤ መሠራቱን በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል።

እና መንዳቱስ? ስለዚህ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ነገር ይመለስብኛል፦ ሞተሩ አይቸኩልም። በሦስተኛ ማርሽ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ያለምንም መንገራገር ይነሣል፤ ከ4,000 በላይ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል፤ እስከ 6,500 ድረስ እየጠራ ይሄዳል። መሪው የመንገዱን ቅርጽ እጅ ላይ ያደርሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት በወንጀል የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ፍጥነቱን የፊት መስታወት ላይ የሚያሳየው መብራት ለእኔ ጌጥ አይደለም፤ በየቀኑ የምጠቀምበት ነገር ነው። በስድስተኛ ማርሽ በ70 ማይል ሞተሩ 1,700 ዙር ገደማ ላይ ይረጋል። በረጅም መንገድ በጋሎን 27 ማይል፣ ከተማ ውስጥ 16 አግኝቻለሁ።

የማልወደው አለ። መቀመጫው በጥምዝ መንገድ ላይ ጎንን አይደግፍም። የውስጡ ፕላስቲክ የዋጋዋን ያህል አይደለም። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ማርሹ ከአንደኛ በቀጥታ ወደ አራተኛ እንድትሄዱ ያስገድዳችኋል፤ ለነዳጅ ቁጠባ ምዘና ሲባል የተደረገ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ በሚገዛ መሰኪያ አስወግጄዋለሁ።

ባለፈው መስከረም ወደ ተወለደችበት ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ወሰድኳት። ከ650 ማይል በላይ ነው፤ የዌስት ቨርጂኒያን ተራሮች አቋርጬ ሄድኩ። ከፋብሪካው አጠገብ ያለው የኮርቬት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በየካቲት 12 ቀን 2014 ወለሉ ተደርምሶ ስምንት መኪናዎች የዋጠበት ነው። ከስምንቱ አንዱ የ2001 ዜድ06 ነበር። ሊጠገን ስላልቻለ እንደተጨፈለቀ ለእይታ ተቀምጧል። ከፊቱ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የእኔኑ መኪና ወንድም እንደዚያ ሆኖ ማየት ያማል። ወደ መኪና ማቆሚያው ስመለስ የእኔዋ በትንኝና በአቧራ ተሸፍና ቆማ አገኘኋት፤ በፍሬደሪኩ ጋራዥ ውስጥ ካየኋት ቀን ይልቅ ያን ዕለት ይበልጥ አማረችኝ። በመመለሻው ላይ ሙቀቱም የዘይቱ ግፊትም ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ 9 ሺህ ማይል ላይ የቆመችና 30 ሺህ ማይል በየዓመቱ እየተነዳች ደረሰኟ የተሟላ ሁለት ዜድ06 ቢቀርቡልኝ፣ ሁለተኛዋን እወስዳለሁ። የመጀመሪያዋን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው በላይ አራት ሺህ ዶላር ለብቻ አስቀምጡ፤ ጎማው ሳይቀየርም ዝናብ ላይ አትውጡ።

ባለፈው ወር አንድ ሰው መኪናዋን ሊገዛ መጥቶ ነበር። ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ፣ ቆጣሪውን አይቶ፣ «9 ሺህ ላይ ብትተዋት ኖሮ አምስት ሺህ ዶላር እጨምርልህ ነበር» አለኝ። ፑሌጃውን፣ ጎማውን፣ ፈሳሾቹን፣ የኬንታኪውን መንገድ አስረዳሁት። በዋጋ አልተስማማንም። ከመሄዱ በፊት ግን ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አነሣው።