ቀይ ልብ ያለው የድሬ ቲሸርት

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ የቲሸርት ማተሚያ ቤት አለች። ባለፈው ወር «እኔ»፣ ቀጥሎ ቀይ ልብ፣ ከሥሩ «ድሬ» የታተመበት ነጭ ቲሸርት በ600 ብር ገዛሁ። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ ለሙቀታችን ይመቻል። አራቴ አጥቤዋለሁ፣ ቀዩ አልለቀቀም። አንገቱ ግን ትንሽ ሰፍቷል።

አታሚውን ልጅ «ይቺን ልብ ማን እንደጀመራት ታውቃለህ?» አልኩት።

«አላውቅም አቦ! ማነው?»

ሚልተን ግሌዘር፣ የግራፊክ ዲዛይነር፣ የኒውዮርክ ልጅ። ከተማው በዕዳና በወንጀል በተጨነቀበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ «I ♥ NY» (ኒውዮርክን እወዳለሁ) ለሚለው ምልክት ቁራጭ ወረቀት ላይ በቀይ ክሬዮን ሞነጫጨራት። ለሥራው ገንዘብ አልተቀበለም። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ዛሬ እዚያው ኒውዮርክ፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለች። እሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ልክ 91 ዓመት በሞላው ቀን አረፈ። ይህን ስነግረው ልጁ ሥራውን አቁሞ ነበር የሚሰማኝ።

ቅሬታዬ ፊደሉ ላይ ነው። ግሌዘር የመረጠው የታይፕራይተር ዓይነት፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ፊደል ነው፤ ከልቡ ጋር ይዋደዳል። የኛው «ድሬ» ግን ከኮምፒውተር እንዳለ የተወሰደ፣ ቀጭን ነው። ልቡ ዋጠው። «በእጅህ ጻፈው» አልኩት። እሞክራለሁ ብሏል። የእህቴን ያኔ እገዛለሁ።