ሰባት ወር ከ«ዘ ታይም ማሽን» ጋር

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች. ጂ. ዌልስን ልቦለድ «ዘ ታይም ማሽን» የገዛሁት በጥቅምት ነው፤ ደብረ ብርሃን ብርዷን ስትጀምር። አሁን ግንቦት ነው። ሁለቴ ጨርሼዋለሁ። ሦስተኛውን መሐል ላይ አቁሜያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቅጂው። እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ደቃቃ ነው። በሦስተኛው ወር ሙጫው ለቀቀና ገጾቹ ረገፉ። በስኮች ለጥፌው እስካሁን ይዟል። ቀጭን ስለሆነ ኪስ ይገባል።

ወደ ታሪኩ ልግባ። አንድ ሰው በዘመን ውስጥ የሚያስጉዝ ማሽን ላይ ወጥቶ በፈረንጆቹ 802,701 ይደርሳል። ከአገሩ ሳይወጣ ዘመኑ ብቻ ይሮጣል። ይህ ነገር ልቤን ወሰደው። መጽሐፉ የታተመው በእኛ በ1887 ነው፤ የዓድዋ ክተት ሊታወጅ ወራት ሲቀሩት። አንድ ቅዳሜ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ ሄጄ፣ ማሽኑ እዚህ ቢቆም ኖሮ ብዬ ቆሜ አሰብኩ። 1836 ላይ ቢያወርደኝ የሕፃኑን ልቅሶ እሰማ ይሆን? ዌልስ ግን ወደ ኋላ አይወስደንም። ቅር ብሎኛል።

የክብሪቱ ቦታ ግን! ሰውየው ጨለማ ውስጥ ክብሪት እየጫረ ከመሬት በታች የሚኖሩትን ሞርሎኮች ያባርራል። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የማነበው። ቀና ብዬ ሻማዬን አየሁ፤ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል። ቶሎ ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ።

የከበደኝ ሌላ ነው። ሞርሎኮቹ ከመሬት በታች ማሽን የሚያንቀሳቅሱ፣ የጥንት ሠራተኞች ዘሮች ናቸው። ላይ ያሉት ኢሎዮች ፍራፍሬ እየበሉ ይጫወታሉ። ሀብታምና ድሃ ተለያይተው ቢቀሩ ምን ይመጣል የሚለው ሐሳብ ትልቅ ነው። ግን የሠራተኛውን ዘር ሰው በላ አደረገው። ከኢሎዮቹ ዊና ስም አላት። ከሞርሎኮቹ አንድም ስም ያለው የለም። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ንጋት ላይ ሲገባ ጋቢው ላይ የሱፍ ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ እናቴ በር ላይ ታራግፍለታለች። ሦስተኛውን ንባብ ያቆምኩት እዚህ ጋ ስደርስ ነው።

ይሁንና አልሸጠውም። ተጓዡ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ዊና ኪሱ የከተተችለት ሁለት ነጭ አበቦች ደርቀው ይገኛሉ። እዚያ ገጽ ላይ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ አውሰኝ ብሎኛል። ሰኞ እሰጠዋለሁ፤ የሚመልስበትን ቀን ግን ቆርጬለታለሁ።