ጅማ ውስጥ ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ፣ "ላይቭ ቪው አለው" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ በተለይ ለምርቃት ሰሞን ፎቶ እያነሳን ትንሽ ሳንቲም እናገኛለን ብላችሁ ያገለገለ ካሜራ እያፈላለጋችሁ ያላችሁ፣ ይሄን አንብቡና ከዛ ግዙ። እኔ 21 ሺ ብሬን ተበልቻለሁ፣ ትላንት ማታ ደግሞ ሰውዬው ያንኑ ማስታወቂያ በሌላ አካውንት ለጥፎ ሳየው ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ቴሌግራም ላይ "ኒኮን ዲ3000፣ ላይቭ ቪው፣ ቪዲዮ፣ ስክሪን ኦሪጅናል" የሚል አየሁ። እኔ ላይቭ ቪው (ሳታነሳ በፊት ሌንሱ የሚያየውን እዛው ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ) ያለው ነበር የምፈልገው ምክንያቱም ምርቃት ቀን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሰው እንደ ጉድ ነው የሚጋፋው፣ ካሜራውን ከሰው በላይ አንስተህ ስክሪኑን እያየህ ካላነሳህ ይዘህ የምትመለሰው የሰው ማጅራት ነው። ደወልኩ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ተገናኘን፣ ማኪያቶ ሁሉ ጋበዘኝ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለ።

አሸዋወዱን ልንገራችሁ። ካሜራውን አበራው፣ ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ክብ ነገር ያለበት የሴቲንግ ገጽ መጣ፣ በቪውፋይንደሩ (ዓይን አስጠግተህ በምታይባት ቀዳዳ) አየና ስኒዋን ቀጭ አደረጋት፣ ወዲያው ፎቶዋ ስክሪኑ ላይ ወጣች። "ይኸው፣ ጥርት አድርጎ ያሳያል" አለኝ። እኔ ጅሉ እሺ አልኩ። ያሳየኝ እኮ የተነሳውን ፎቶ ነው፣ ላይቭ ቪው ማለት ሳታነሳ በፊት ነው የሚያሳየው! እስቲ ሳታነሳ አሳየኝ ስለው "ባትሪው አንሶ ነው፣ ላይቭ ባትሪ ስለሚበላ ራሱ ይዘጋዋል፣ ቤት ሄደህ ሙላው" አለኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እዛው ሰክቼ መሞከርም አልቻልኩም። ላይቭ ቪው ባትሪ መጨረሱ እውነት ነው፣ ውሸቷን ከእውነት ጋር ቀይጦ ነው ያጎረሰኝ።

ማታ መብራት ሲመጣ ሞላሁት፣ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፣ የለም። ደወልኩለት፣ "ዲ3000 እና ዲ3100 እኮ ያው ናቸው፣ በሶፍትዌር ነው የሚከፈተው፣ 2 ሺ ላክና ፋይሉን እልክልሃለሁ"። ላኩለት፣ በቴሌብር 😭 ከዛ በኋላ ስልኩ አይነሳም፣ ቴሌግራሙም ብሎክ።

ሰፈራችን የቆየ ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሼ ጋ ይዤ ሄድኩ። ገና ሲያዩት ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ከፋብሪካም ሲወጣ አልነበረውም" አሉኝ። ሌንሱን ነቅለው ውስጥ ያለችውን መስታወት አሳዩኝ፣ ብርሃኑ በሷ ተንጸባርቆ ነው ወደ ቪውፋይንደሩ የሚሄደው፣ ላይቭ ቪው እንዲኖር መስታወቷ ተነስታ መቆየት አለባት፣ ሸተሩም (መጋረጃው) ተከፍቶ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ሳያቋርጥ ምስል ወደ ስክሪኑ መላክ አለበት። ዲ3000 በፈረንጅ 2009 ሲወጣ ላይቭ ቪውም ቪዲዮም የለውም፣ ሁለቱም ያሉት በ2010 የወጣው ዲ3100 ነው። ኒኮንም ለዲ3000 ላይቭ ቪው የሚጨምር አፕዴት አውጥቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ሶፍትዌር እጭናለሁ የሚላችሁ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተነሱ።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው አሉኝ፣ ዲ3100 ከኋላ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጋ ኤልቪ የሚል ጽሁፍ ያለው የሚዞር ነገር አለ፣ መሀሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያላት የቪዲዮ በተን። ዲ3000 እዛ ቦታ ባዶ ነው። ባትሪውንም አውጥታችሁ እዩት፣ የዲ3000 ኢኤን-ኢኤል9ኤ ነው፣ የዲ3100 ኢኤን-ኢኤል14። የኔ ላይ 9ኤ ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ማን አየው።

ኒኮን ብቻም አይደለም፣ ካኖን 350ዲ እና 400ዲ፣ ኒኮን ዲ40፣ ዲ60፣ ዲ80 ላይቭ ቪው የላቸውም። ካኖን 450ዲ ደግሞ ላይቭ ቪው አለው ግን ቪዲዮ አይቀርጽም፣ በዚህ ተርታ ቪዲዮ የመጣው 500ዲ ላይ ነው፣ እና "ላይቭ ካለው ቪዲዮም አለው" ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ።

ሻጩ ፊት ላይቭ ቪውን አስከፍቱት፣ መስታወቷ ቀጭ ብላ ስትነሳ ትሰማላችሁ፣ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፣ ሌንሱ ፊት እጃችሁን ስታወዛውዙ ስክሪኑ ላይ እጃችሁ መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ የለም ማለት ነው፣ ወሬ አያስፈልግም። ከሰራ ደግሞ ወዲያው አትዝጉት፣ ማኪያቷ እስክታልቅ ይብራ፣ መስመር መስመር የሚሰራ ስክሪን ያኔ ይታያል። የሌንሱን ክዳን ከድናችሁም እዩ፣ ጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ ነገር አለ። ፎከሱ በላይቭ ቪው ቀርፈፍ ቢልባችሁ ግን ብልሽት አይደለም፣ መስታወቷ ስትነሳ ፈጣኑ ፎከስ ስለማይሰራ የድሮዎቹ አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው፣ በዛ እንኳን ሻጩን አትክሰሱት።

ካሜራው በራሱ ክፉ አይደለም፣ ባለፈው እሁድ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ጋ በቪውፋይንደር ብቻ ሙሽሮች አንስቼበት ወደውታል። ግን 21 ሺ አያወጣም፣ 2 ሺዋን ሳንቆጥር። ማስታወቂያውን ያያችሁ ደውሉለትና "ባትሪውን ሞልተህ ና" በሉት፣ ምን እንደሚላችሁ እዚህ ስር ጻፉልኝ።