ጀርባችሁን ከማስተኮሳችሁ በፊት፦ ምስጋና ለአንዲት ነርስ

ሰላም ወገኖቼ። በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ሆም ኬር የምትሠሩ፣ ፓርኪንግ የምትቆሙ፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ወገባችሁ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ የሕመም ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ነርስ አለች። እሷን በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ስለዚህ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ነገሩ ስለ ጀርባ ነርቭ ማቃጠል ነው። ሐኪሞቹ ሬዲዮፍሪኩዌንሲ አብሌሽን የሚሉት። እኛ ጋ «መተኮስ» ሆኖ ቀርቷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ «አንቺም ልትተኮሺ ነው አሉ?» መባባል ተለምዷል። አንዷ «ዳግም ተወለድኩ» ትላለች። ሌላው «ጀርባዬንም ገንዘቤንም አቃጠሉት» ብሎ ያማርራል። ሦስተኛው «ዓመት ያህል ተሽሎኝ ነበር፣ ይኸው ተመልሶ መጣ» ይላል። አዲስ ታማሚ ሦስቱንም ሰምቶ ግራ ተጋብቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ ሦስቱንም አምናቸዋለሁ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመተኮሱ በፊት ከሚሠራው ሥራ ነው። ያንን ሥራ በትክክል ስትሠራ ያየኋት ደግሞ ሲስተር ነች።

የኔን ልንገራችሁ። አዛውንቶችን ነው የምንከባከበው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መታጠቢያ ቤት ማንሳት ማውረድ ነው። ወገቤን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋል። ፊዚዮቴራፒ፣ ክኒን፣ ማሳጅ፣ ከአገር ቤት የመጣ ቅባት፣ ያልሞከርኩት የለም። ሕመሜ ጠባዩ የታወቀ ነው። ስቀመጥና ጎንበስ ስል ቀለል ይለኛል። ቀጥ ብዬ ስቆም፣ ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ለጠጥ ስል፣ ከወገቤ ግራና ቀኝ ጨምድዶ ይይዘኛል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ እንኳን አልዘልቅም። ከላይኛው መደርደሪያ ድስት ማውረድማ አይታሰብም። ሕመሙ እስከ መቀመጫዬ ይወርዳል እንጂ ከጉልበቴ አያልፍም።

ሐኪሙ ፋሴት የሚባሉትን መገጣጠሚያዎች የጠረጠረው ይህን ሰምቶ ነው። ከአከርካሪ በስተኋላ በየደረጃው ግራና ቀኝ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ጉልበት እንደሚያረጅ እነሱም ያረጃሉ፣ ይቆጣሉ። የእያንዳንዳቸውን ሕመም ወደ ላይ የሚያደርሱ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች አሉ። የሚቃጠሉት እነዚህ ናቸው። እግር የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ነርቭ አይነካም። ይህን ስሰማ ተንፈስ አልኩ። ሽባ ያደርጋል የሚለው ወሬ ጆሮዬን ሞልቶት ነበርና።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኤምአርአይ ላይ ያረጀ ፋሴት ታየ ማለት ሕመሙ ከዚያ ነው ማለት አይደለም። ዕድሜው የገፋ ሰው ምንም ሳያመውም ፎቶው ላይ ብዙ ጉድ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ አለ። እነዚያ ነርቮች ላይ ጥቂት ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን፣ ይወጋል። የሚሠራው ለሰዓታት ብቻ ነው። በነዚያ ሰዓታት ሕመሙ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ካልጠፋ ግን ማቃጠሉ ለእናንተ አይሆንም። ብዙ ሰው ይህን መርፌ ሕክምና ይመስለዋል። «ወጉኝ፣ ማታውኑ ተመለሰብኝ፣ አይረባም» ይላል። መመለሱማ የታወቀ ነው።

ሲስተር የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከመርፌው በፊት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በግራ በኩል ሰዓት፣ በቀኝ በኩል ከዜሮ እስከ አስር የሕመም ቁጥር፣ መሐሉ ላይ «ምን እየሠራሽ ነበር?» የሚል ባዶ ቦታ አለው። የሚያስተኛ ነገር ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አይሰጥሽም» አለች። «ካስተኛንሽ የተሻለሽ በመርፌው ይሁን በእንቅልፉ በምን እናውቃለን?» ቀጠለች። «ደግሞ ቤት ገብተሽ ጋደም እንዳትዪ። የኛ ሰው መርፌ ከተወጋ ይተኛል። ተኝተሽ ባያምሽ ምን ይገርማል? ዛሬ የሚያምሽን ሁሉ ሥሪ። ቁሚ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ በዪ፣ ድስት አውርጂ፣ ስገጂ።»

እንዳለችኝ አደረግኩ። ድስቶቹን ሁሉ አውርጄ መልሼ ስሰቅል ባለቤቴ አእምሮዬን የነካኝ መስሎት ቆሞ ያየኛል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ነች።

«አሁን ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ምን እየሠራሽ?»

«ምስር ወጥ።»

«ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?»

«ቆሜ።»

«ጠዋት ስምንት ብለሽኛል። መመለስ ሲጀምር ሰዓቱን ጻፊልኝ፣ በግምት አይደለም።»

እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የምታፋጥጠው! ግን ያ ወረቀት ነው ሁሉን የሚወስነው። ሜዲኬር (በተለይ የአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ለምሳሌ ለማቃጠሉ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ሙከራ ይጠይቃል። በሁለቱም ሕመሙ ቢያንስ በ80 በመቶ መቀነስ አለበት። «ትንሽ ደህና ነኝ» የሚል መልስ ለዚህ አይበቃም።

እትዬን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። አክስቴ ናቸው። እሳቸውም እዚያው ነው የታከሙት። የሙከራው ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። ሲስተር «እማዬ፣ አሁን እንዴት ነዎት?» ስትላቸው «ተመስገን» አሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን «ታማሚዋ ተሽሏታል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሲስተር ግን ሳቀችና «እሱስ ሁልጊዜም ይመስገን። ከአስር ስንት ይሰጡታል?» አለቻቸው። እትዬ አሰብ አደረጉና «ሰባት» አሉ። በሙከራው ብዙም አልቀነሰላቸውም ማለት ነው። ሐኪሙ ሌላ ደረጃ ላይ ያሉትን ነርቮች በሌላ ቀን ሞከረ። በዚህኛው ቁጥሩ ወረደ። እሱን ደግሞ አረጋግጠው ነው የተኮሷቸው። ዛሬ ገበያ ይወጣሉ።

በሌላ በኩል የማከብራቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ። ሕመማቸው ከወገብ ተነስቶ በአንድ እግር እስከ አውራ ጣት ይወርዳል፣ ይነዝራል። ይህ ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሳይ ነገር፣ የነርቭ ሥር ሲጫን የሚመጣ ዓይነት ነው። ፋሴት ማቃጠል ለዚህ አይሠራም። ስሙን በማልጠራው ሌላ ቦታ በእንቅልፍ መድኃኒት አንድ ሙከራ ተደረገላቸው። ሲነቁ «እንዴት ነዎት?» ተባሉ። «ደህና» አሉ። ተተኮሱ። ምንም አልተለወጠም። ዛሬ ስለ አብሌሽን የሚያነሳ ሰው ካገኙ «ሌብነት ነው» ብለው ይጀምራሉ። አልፈርድባቸውም።

ሲስተርን ከሌላው የሚለያት አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስትመልስ አይቻለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ሙከራው ብዙም አልረዳትም። እሷ ግን «ግድ የለም፣ ተኩሱኝና ይለይልኝ» አለች። ሲስተር ቁጭ አድርጋ ቁጥሮቿን አሳየቻትና «ይህ ሕመም ከዚህ አይደለም የሚመጣው። ብንተኩስሽ ትከስሪያለሽ» አለቻት። ሐኪሙም ያንኑ ደገመላት። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ትንሽ ታኮርፋለች። እኔ ግን በሥራው ገቢ የሚያገኝ ክሊኒክ «አይሆንሽም» ሲል መስማት ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደማይስማሙ የነገረችኝ እሷ ነች፣ ሳልጠይቃት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ ጥናት በጥብቅ ሙከራ የተመረጡ 15 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከዓመት በኋላ 60 በመቶዎቹ ሕመማቸው ቢያንስ በ90 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2017 ደግሞ ከኔዘርላንድስ 681 ሰዎችን ያካተቱ ሦስት ሙከራዎች ወጡ። ነርቭ ማቃጠልን ከስፖርት ጋር መጨመር ስፖርት ብቻ ከመሥራት ይህን ያህል የሚጠቀስ ብልጫ አላሳየም። ተቺዎች «ታማሚዎቹ የተመረጡት በላላ ሙከራ ነው» አሉ። በ2016 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ሙከራውን ላለፉ፣ ሕመማቸው ከአስር አምስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ይታሰብ ብሎ ነበር። በ2025 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የባለሙያዎች መመሪያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የጀርባ ሕመም እንዳይደረግ አጥብቆ መከረ። እንግዲህ ሊቃውንቱ እንዲህ ከሆኑ የኛ የቅዳሴ ማግስት ክርክር ምን ይገርማል? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከ15ቱ እና ከ681ዱ የወሰድኩት ግን የአመራረጡን ነገር ነው።

የማቃጠሉ ዕለት ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። በሆድ ትተኛላችሁ፣ ጭን ላይ የምትለጠፍ ነገር አለች፣ መርፌው የሚገባው በኤክስሬይ እየታየ ነው። ከማቃጠላቸው በፊት በመርፌዋ ትንሽ ኮረንቲ ይለቃሉ። እግር ላይ ከተሰማችሁ መርፌው ቦታውን ስቷል ማለት ነው፣ ያስተካክሉታል። ለዚህ ነው ነቅታችሁ መናገር ያለባችሁ። ሲስተር እግሬን ይዛ ይዘል እንደሆነ ስታይ ነበር። ከዚያ ያደነዝዙና ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ለ90 ሰከንድ ያህል ያቃጥላሉ። የሚነዳችሁ ሰው ግን ይዛችሁ ሂዱ።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ ላይ ባሰብኝ። ቆዳዬ ፀሐይ የለበለበው ይመስል ሸሚዝ ሲነካኝ እንኳ ያቃጥለኝ ነበር። የተበሳጨው ነርቭ ነው የሚያደርገው፣ ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ለሳምንታት ሊቆይም ይችላል። ሲስተር አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ዛሬ ከአማራሪዎቹ ወገን ሆኜ ነበር የምጽፈው። ትኩሳት፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ግን ሳልጠብቅ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ አስጠንቅቃኛለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ሙሉ ቅዳሴ እቆማለሁ ብዬ አልዋሽም። ግን ስምንት የነበረው ሦስት ሆኗል፣ ሥራዬም አልተቋረጠም።

ነርቩ መልሶ ያድጋል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ከዚያ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ሊደገም ይቻላል። ሜዲኬር ለመድገም የፊተኛው ቢያንስ ለስድስት ወር በግማሽ ያህል ረድቶ እንደሆነ ያያል። ስለዚህ «ዓመት ተሽሎኝ ተመለሰ» የሚለው ሰውዬ የደረሰው በሕክምናው ተራ ጉዞ ላይ ያለ ነገር ነው። ሲስተር በዚህ መሐል ወገቤን እንዳጠናክር ትጨቀጭቀኛለች። «ሕመሙ ዝም ሲል ነው ጡንቻ የሚሠራው» ትላለች። ሳልሠራ ስልክ ማንሳት እፈራለሁ።

ክሊኒኩ እንከን የለውም አልልም። የመጠበቂያው ክፍል ያሰለቻል፣ ስልካቸው ደግሞ ቶሎ አይነሳም። ለዚያ ታገሡ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ፔስሜከር ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። «ኢንትራሴፕት» የሚባል ሌላ ዓይነት ማቃጠልም አለ። እሱ የአከርካሪ አጥንቱ ውስጥ ያለውን ነርቭ ነው የሚነካው፣ መስፈርቱም ሌላ ነው። የትኛው እንደታዘዘላችሁ ጠይቁ። ሌላ ክሊኒክ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት መድን) የሚቀበል ቦታ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ለማስተርጎም ብላችሁ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ከሙከራው በፊትም የቁጥር ወረቀት ጠይቁ፣ ካልሰጧችሁ ራሳችሁ ደብተር ላይ አስምሩ።

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። ለሌሎቻችሁ፣ የኤምአርአይ ሲዲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የውጤቱን ወረቀት ብቻ አይቀበሉም። የምትገባው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ በሌላ ቀን ብትደውሉ አታገኟትም።