ሾኩን ትተው ፍሬኑን ለመረመሩልኝ የድሬዳዋ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ ብስክሌት ለሚነዱ፣ በተለይም ከደንገጎ ሲወርዱ አስፋልቱን ትተው ድንጋያማውን መንገድ ለሚመርጡ ጥቂት ወዳጆቼ ነው። ከዚራ ውስጥ፣ ከምድር ባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ ባለሙያ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መልእክት ይጠይቀኝ።

ብስክሌቴ ለቁልቁለት ተብሎ የተሠራ፣ የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝ ያገለገለ ዕቃ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስትሆን ደንገጎ ግን 2,000 ሜትርን ያልፋል፤ በዚህ መንገድ የሚወርድ ሰው ጣቱን ከፍሬኑ እጄታ ላይ የሚያነሳበት ጊዜ ትንሽ ነው። ፍሬን ሳልይዝ ስሄድ የኋላው ጎማ ድንጋዩን እየዋጠ ያልፋል። የኋላውን ፍሬን ስይዝ ግን ሾክ አብዞርበር የሌለው ይመስል እየነጠረ ወገቤን ይደልቀኝ ነበር። አንድ ዕቃ ሻጭ «ሾኩ አልቆለታል፣ ቀይረው» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ዋጋውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ጋሼ ሾኩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። «ፍሬን ሳትይዝ በደንብ ይሠራል አላልከኝም? ታዲያ እሱ ምን አጠፋ?» አሉና ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ዲስክ የሚነክሰውን ካሊፐር መመርመር ጀመሩ። የእኔ ብስክሌት የኋላ ክንድ፣ ማለትም የኋላውን ጎማ የያዘው ክፍል፣ ከቴላዮው (ከብስክሌቱ ዋና አካል) ጋር የተያያዘው በአንድ ማጠፊያ ብቻ ሲሆን ካሊፐሩም በዚያው ክንድ ላይ በብሎን ታስሯል። የሾኩን አየር አስተነፈሱት፤ የኋላውን ፍሬን እጄታ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍረው አሰሩት፤ የጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩና «በል ኮርቻውን ተጫነው» አሉኝ። ኮርቻው ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ወደ ፊት ዘመመ። ፍሬኑ የቆለፈው ጎማ ማለት ነው የዞረው!

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሬን ሲያዝ የሚሽከረከረው ዲስክ ካሊፐሩን ይዞት ለመዞር ይታገላል፤ ካሊፐሩ ክንዱ ላይ የታሰረ ስለሆነ ክንዱን ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ሾኩም ይጨመቃል። በሌላ በኩል ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የብስክሌቱ ኋላ መነሳት ይፈልጋል፤ ደንገጎ ላይ አይሱዙ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው የሚደፋው በዚሁ ምክንያት ነው። የብስክሌት ንድፍ አውጪዎች የእነዚህን የሁለቱን ግፊቶች ሚዛን በመቶኛ ይለኩታል። 100 በመቶ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ከዚያ ሲበልጥ ኋላው ይሰምጣል፣ ሲያንስ ይነሳል። ችግሩ ሚዛኑ ቢጠበቅም እንኳን ክንዱና ፍሬኑ እንደተቆራኙ መቅረታቸው ነው። ጎማው ድንጋይ ላይ ለመውጣት ክንዱን ማጠፍ አለበት፤ ክንዱ ሲታጠፍ የተያዘውን ጎማ አብሮ ያዞረዋል፤ ጎማውም መሬቱን ቆንጥጦ በመያዝ ፈንታ እየዘለለ ይንሸራተታል።

ኋላ ላይ ሳነብ እንደተረዳሁት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በዚህ ብዙ ደክመዋል። የኦስትሪያ ተወላጁ መሐንዲስ ሆርስት ላይትነር አንዱን ማጠፊያ ከኋላው አክስል ፊት ለፊት፣ በታችኛው ክንድ ላይ አስቀምጦ ካሊፐሩ በላይኛው ክንድ ላይ እንዲታሰር መንገድ ከፈተ፤ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1998 የፈጠራ መብቱን ገዛው። ሌላው የብስክሌት ኩባንያ ትሬክ ደግሞ ማጠፊያውን በራሱ በአክስሉ ዙሪያ አደረገው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አላነበቡም። ሙያቸው ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ሰዎች የወረደ ነው፤ መፍትሔውንም በአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ላይ አይተውታል። ካሊፐሩን ከክንዱ ፈትተው በአክስሉ ዙሪያ በኩሽኔታ የሚዞር የአሉሚኒየም ሳህን ላይ አሰሩት፤ ሳህኑን ደግሞ በብረት ዘንግ ከቴላዮው ጋር አገናኙት። የፍሬኑን ጉልበት አሁን የሚቀበለው ያ ዘንግ ነው እንጂ ክንዱ አይደለም። በዲስኩና በክንዱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለነበር ሳህኑን እየለኩ ደጋግመው አሳሱት። ቸኩዬ «ይበቃል ጋሼ» ብላቸው በመነጽራቸው አናት አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በጣም የወደድኩላቸው ግን ዘንጉን ከክንዱ ጋር ፍጹም ትይዩ አለማድረጋቸው ነው። ትይዩ ቢሆን ፍሬኑ ሾኩን ጨርሶ አይነካውም ነበር። «ትንሽ ትቼልሃለሁ። ገደል ላይ ኋላህ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ በመሪው ላይ ተወርውረህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ቴላዮው ላይ ላለው ማሰሪያም ሁለት ቀዳዳ አበጁለት፤ ማዕዘኑን እንደ መንገዱ እንድቀይር። በጠመኔው ድጋሚ ስንሞክረው መስመሩ ዘመመ ለማለት በሚያስቸግር መጠን ብቻ ተንቀሳቀሰ። መንገድ ላይ ያለው ለውጥማ ሌላ ነው፤ ፍሬን ይዤም ጎማው ድንጋዩን እየተከተለ ይወርዳል።

ሥራው የሚያስከፍለው ነገርም አለ። ክብደት ጨምሯል፤ የሚቀባ ኩሽኔታና የሚጠብቅ ዳዶ በዝቷል። ዘንጉ ከተበጠሰ ካሊፐሩ ከጎማው ጋር ዞሮ የዘይት ቱቦውን ስለሚበጥሰው የኋላ ፍሬን የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ደጋግመው ሳያስፈትኑኝ ብስክሌቱን አላስረከቡኝም፤ ከመውረዴ በፊት ዳዶዎቹን በቺያቤ እንድነካካም አስምለውኛል።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ሌሎቻችሁ ስትሄዱ ብስክሌቱን አጥባችሁ ሂዱ፤ ጭቃ የለበሰ ዕቃ አይነኩም። ጎማ ለማስለጠፍም አትሂዱባቸው፤ ለእሱ በየመንገዱ ሰው አለ። ስልክ አያነሱም፣ አስቸኳይ የሚባል ሥራም አይቀበሉም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ብትሄዱ ታገኟቸዋላችሁ።